ሰባት ስፒከር ገዝቶ ንግግር ማጣት

ርካሹን የሚገዛ ሰው ብዙ አይጠብቅም፤ ቢበላሽበትም እምብዛም አይቆጨውም። ውዱን የሚገዛው ደግሞ ሰው አለው፤ ሻጩ ቤቱ ድረስ መጥቶ ገመዱን ይዘረጋለታል፣ ድምፁን ያስተካክልለታል፣ ሲበላሽም ይቀይርለታል። ፍዳውን የሚያየው መካከል ላይ ያለው ነው። ብሩን ከወር ወጪው ላይ እየቆነጠረ ያጠራቀመ፣ አንዴ ከገዛሁ አሥር ዓመት ሊያገለግለኝ ይገባል ብሎ የሚያስብ፣ የሚያማክረው ባለሙያ የሌለው፣ ካርቶን ላይ የተጻፈውን አምኖ ከመግዛት ሌላ ምርጫ ያጣ ሰው ነው። ለሳሎኑ የሆም ቴአትር ሪሲቨር ሊገዛ የተነሳ ሁሉ ይህን ቶሎ ይረዳዋል። እኔም ከእነሱ አንዱ ነኝና ብሶቴን ልናገር።

ሪሲቨር ስል ከዲሽ ጋር የሚገጠመውን ትንሽ ዕቃ ማለቴ አይደለም። ብዙዎቻችን በደፈናው አምፕሊፋየር የምንለውን ነው፤ ከዲሹም፣ ከማጫወቻውም፣ ከጌሙም የሚመጣውን ተቀብሎ ምስሉን ወደ ቴሌቪዥን፣ ድምፁን ደግሞ በየጥጉ ወደ ቆሙት ስፒከሮች የሚያከፋፍለውን ከባድ ጥቁር ሣጥን። አሜሪካ ውስጥ ከ500 እስከ 1,000 ዶላር የሚሸጠው መካከለኛ ይባላል። እኛ ጋ ሲደርስ መካከለኛነቱ ይቀራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከዚያ እጥፍ አልፏል። ቀረጥና የነጋዴው ትርፍ ሲታከልበት ስንት ቤተሰብ ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን እንደሚበላ ማስላት አያስቸግርም። ይህን ያህል የሚከፍል ሰው ቢያንስ ስለሚገዛው ዕቃ እውነቱ ሊነገረው ይገባ ነበር።

የመጀመሪያው ድካም ዋት ነው። መርካቶ ውስጥ በክንድ ታቅፎ የሚወሰድ ስፒከር ላይ በሺዎች የሚቆጠር ዋት ተለጥፎ ማየት ለምደናል። ከሥሩ በደቃቃ ፊደል «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ይላል። ይህ ልኬት ሁሉም የሚስማማበት ደንብ የለውም፤ አምራቹ ደስ ያለውን ቁጥር ይጽፍበታል። የታወቀ ስም ያለው ዕቃ ስንገዛ ከዚህ ጣጣ የምንገላገል ይመስለናል። አንገላገልም። አንዱ ሪሲቨር ሦስት ዓይነት ዋት ይዞ ይመጣል። በመመሪያው መጽሐፍ የኋላ ገጽ ላይ ሁለት ቻናል አብረው እየሠሩ፣ በ8 ኦም፣ ከ20 ኸርዝ እስከ 20 ኪሎኸርዝ ባለው ሙሉ ስፋት፣ መዛባቱ ከ0.1 በመቶ ሳይበልጥ 80 ዋት ይላል። ጥቂት ዝቅ ብሎ በ6 ኦምና በ1 ኪሎኸርዝ ብቻ የተለካ ሌላ ቁጥር አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚታተመው ግን አንድ ቻናል ብቻውን እየሠራ፣ በዚያችው በ1 ኪሎኸርዝ ብቻ፣ መዛባቱ እስከ 10 በመቶ እንዲደርስ ተፈቅዶለት የተለካው ነው፤ ከመጀመሪያው እጥፍ ይሆናል። 10 በመቶ የተዛባ ድምፅ ጆሮ ይቧጥጣል። ማንም ሰው በዚያ ድምፅ ፊልም አያይም፣ ሙዚቃም አይሰማም። ታዲያ ማንም የማይሰማበትን ልኬት ለምን ፊት ለፊት ያስቀምጡታል?

የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ይህን ማታለል ለመግታት የአምፕሊፋየር ዋት በምን ሁኔታ ተለክቶ መገለጽ እንዳለበት ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው። በ2024 ደግሞ አሻሽሎ አጠበቀው። በመካከሉ ሃምሳ ዓመት አልፏል፤ ጨዋታው ግን እንደቀጠለ ነው። ደንቡም የአሜሪካ ነው፤ ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚታተመው ካርቶን፣ እኛ ዘንድ በብዛት የሚደርሰው ማለት ነው፣ ያንን ደንብ የማክበር ግዴታ የለበትም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ይህ ሁሉ ሽኩቻ ለጆሮ ይህን ያህል የማይፈይድ መሆኑ ነው። ከ80 ዋት ወደ 100 ዋት ሲኬድ የሚጨመረው ድምፅ 1 ዴሲቤል ያህል ነው፤ ጎን ለጎን ካላወዳደሩት በስተቀር አይታወቅም። ዋቱ እጥፍ ቢሆን እንኳ 3 ዴሲቤል ነው። ድምፁ ለጆሯችን እጥፍ ሆነ እንዲባል 10 ዴሲቤል ያህል፣ ማለትም አሥር እጥፍ ዋት ይጠይቃል። በአንጻሩ ስፒከር ስንመርጥ በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት ላይ 87 ዴሲቤል የሚያወጣውን ትተን 90 የሚያወጣውን ብንወስድ የሪሲቨሩን ኃይል በእጥፍ ያሳደግን ያህል ነው። ይህን የሚያስረዳ ሻጭ የት ነው ያለው? «ይሄኛው 100 ነው፤ ያኛው 80 ነው» ይሉናል፤ በ20 ዋት ልዩነት ብዙ ሺህ ብር እንጨምራለን። ደግሞም 80 ዋት ተብሎ የተለካው ሁለቱ ቻናል ብቻ ሲሠሩ ነው ብያለሁ። ሪሲቨሩ ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር አንድ ነው፤ አንድ ሮቶ ለሰባት ቧንቧ ማለት ነው። ሰባቱም በአንድ ጊዜ ሲከፈቱ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ዝቅ ይላል። ምን ያህል ዝቅ እንደሚል በግልጽ የሚያትም አምራች በዚህ የዋጋ እርከን እጅግ ጥቂት ነው።

ቀጥሎ የነጥብ ቁጥሮች ይመጣሉ፤ 5.1፣ 7.2፣ 5.1.2። የመጀመሪያው በዙሪያችን የሚቆሙትን ስፒከሮች ይቆጥራል፣ ሁለተኛው የጎርናናውን ድምፅ መውጫ፣ ሦስተኛው ከጣሪያ የሚመጣውን። ዶልቢ አትሞስ እ.ኤ.አ. በ2012 ሲኒማ ቤት ገባ፤ በ2014 ወደ መኖሪያ ቤት ተሸጋገረ። ከዚያ ወዲህ መካከለኛው ሪሲቨር ሁሉ አምስት ዙሪያውን፣ ሁለት ከላይ ለማጫወት ሰባት ቻናል እንዲኖረው ተፈረደበት። ዋጋው ከተወሰነ ቻናል ሲጨመር ከሌላ ቦታ መቀነሱ አይቀርም። ከብዙዎቹ ላይ ሌላ አምፕሊፋየር ማገናኛው ቀዳዳ ተነሳ፤ የድሮው የቀይና ነጭ ገመድ መግቢያ አነሰ። «.2» የሚባለውም ቢሆን በብዙዎቹ የዚህ ዋጋ ሪሲቨሮች ላይ አንዱን ድምፅ በሁለት ቀዳዳ ማውጣት እንጂ ሁለቱን ለየብቻ ማስተካከል አይደለም። በርካሽ የገመድ መከፋፈያ የሚሠራ ሥራ ነው።

አሁን የእኛን ሳሎን እንይ። ሶፋችን ግድግዳ ተደግፎ ዙሪያውን ይደረደራል። እንግዳ ይመጣል፣ ማኅበር ይወጣል፣ ቡና ይፈላል፤ ሁሉም ፊት ለፊት ሊተያይ ይገባል። ከኋላ የሚቆም ስፒከር እንዲሠራ ደግሞ ከሶፋው ጀርባ ጥቂት እርምጃ ባዶ ቦታ ይጠይቃል። ያ ቦታ የለም። ስለዚህ ስፒከሩ ጆሮ ሥር ይደረጋል፤ እዚያ የተቀመጠው ሰው ከፊልሙ የሚሰማው የዝናቡን ድምፅ ብቻ ነው። ጣሪያውስ? ኮንዶሚኒየም ውስጥ ከላያችን ያለው ሲሚንቶ ነው፤ በስቶ ስፒከር መቅበር አይታሰብም። ኮርኒስ ያለበት ግቢ ቤትም ቢሆን በኮርኒሱ ላይ ሄዶ ገመድ የሚዘረጋ ባለሙያ ከመብራት ሠራተኛ ሌላ አይገኝም። ድምፁን ወደ ላይ ተኩሶ ከጣሪያ የሚያነጥረው ዓይነት ስፒከር አለ፤ እሱ የሚሠራው ጣሪያው ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ሲሆን ነው። ይህ ሁሉ ታልፎ ገመዱ በበር ሥር ሲሄድ መጥረጊያ ይነቅለዋል፣ ሕፃን ይጎትተዋል። በመጨረሻ ከሰባቱ ሁለቱ፣ አንዳንድ ቤት አራቱ፣ ሳይገናኙ ይቀራሉ። ዋጋቸው ግን ተከፍሏል። አምስት ቻናል ብቻ ያለው፣ ያቺኑ አምስት በደንብ የሚያጫውት፣ ትራንስፎርመሩ ከበድ ያለ ሪሲቨር በዚህ ዋጋ ስጡን ብንል ምን ነውር አለው? የሚሸጡልን ባለአምስቱ ከሁሉ የረከሰውና የተራቆተው ብቻ ነው።

እንዲያው እኛ ቤት ምን ይታያል? ዜና፣ ተከታታይ ድራማ፣ እግር ኳስ፣ ከዩቲዩብ መዝሙርና ዘፈን። አብዛኛው በሁለት ቻናል የተቀረጸ ነው። ሰባት ስፒከር ያለው ሣጥን ሁለት ቻናል ሲመጣለት ሁለቱን ብቻ ቢያጫውት ምንም አልነበረም። ነገር ግን አንዳንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ የተዘጋጀው ድምፁን በሁሉም ስፒከር እንዲበትነው ነው። ዜና አንባቢው ከየግድግዳው ይናገራል። ርሞቱ ላይ ደግሞ «ሆል»፣ «ስታዲየም»፣ «ቸርች» የሚሉ ቁልፎች ተደርድረዋል። ከሸክላ የተቀዳ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን በ«ስታዲየም» ሲያልፍ የሰውየው ድምፅ እንዴት እንደሚበተን የሰማ ያዝናል። የዚያ ድምፅ ክብሩ ያለው ቅርበቱ ላይ ነው። ያንን የሚያርቅ ቁልፍ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ድምፁን እንዳለ የሚያስተላልፈው ቁልፍ ግን ተደብቋል።

የሁላችንም ትልቁ ብሶት ግን ንግግሩ ነው። የውጭ ፊልም ከፍተን ተዋናዮቹ ሲነጋገሩ አይሰማም፤ ድምፅ እንጨምራለን፤ ወዲያው ፍንዳታው ይመጣና ሕፃኑ ይነቃል፣ ጎረቤት ግድግዳ ይመታል። እንቀንሳለን፤ ንግግሩ እንደገና ይጠፋል። ርሞት በእጅ ይዞ ፊልም ማየት ልማድ ሆኗል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። የሲኒማ ድምፅ የሚቀናበረው ጸጥ ላለ ትልቅ አዳራሽ ነው፤ በሹክሹክታና በፍንዳታ መካከል ሰፊ ርቀት ይተዋል። በ5.1 ቅንብር ንግግሩ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ መካከለኛዋ ስፒከር ነው። መካከለኛዋን ደግሞ አምራቾች ከቴሌቪዥን ሥር እንድትገባ ብለው ትንሽ ያደርጓታል፣ እኛም ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገፍተን ከበር ኋላ እናስቀምጣታለን። መፍትሔውም አለ። የመካከለኛዋን ድምፅ 3 ዴሲቤል ያህል ከፍ ማድረግ፣ ማታ ማታ ደግሞ የፍንዳታውንና የሹክሹክታውን ርቀት የሚያጠብበውን አሠራር መክፈት። ሁለቱም ብዙዎቹ ሪሲቨሮች ውስጥ ተሠርተው ተቀምጠዋል። የት? «ሴትአፕ» ተብሎ ይገባል፣ ከዚያ ኦዲዮ፣ ከዚያ ሌላ ዝርዝር፣ ከዚያ ሌላ። ማንም የማይፈልገው የኢንተርኔት ሬዲዮ ርሞቱ ላይ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ሁሉም ቤት በየማታው የሚፈልገው የንግግር ማጉያ ግን የለውም። ያላቸው አንዳንድ ሞዴሎች አሉ፤ ያንን ግን ካርቶኑ ላይ አይጽፉትም። ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው የማናገናኘው ሰባተኛ ስፒከር ነው።

እናቶቻችን ቤት የሚደርሰው ከዚህ ይብሳል። ዜና ለማየት ቴሌቪዥኑ፣ ዲሹና ሪሲቨሩ ሦስቱም መከፈት አለባቸው፣ ሪሲቨሩም ትክክለኛው መግቢያ ላይ መሆን አለበት። ልጆች ማታ ጌም ተጫውተው ከተዉት በማግስቱ ምስል አለ፣ ድምፅ የለም። «ልጄ፣ ድምፁን አምጣልኝ» ተብሎ ወደ ሥራ ቦታ ይደወላል። አረጋዊት እናት ከገዛ ቤቷ ዜና ለመስማት ልጇን ከስብሰባ ማስወጣት የለባትም።

ይህንን ያቃልላል ተብሎ የመጣው ኤችዲኤምአይ ነው። የመጀመሪያው እትም እ.ኤ.አ. በ2002 ወጣ፤ በአንድ ገመድ ምስልም ድምፅም ይሄዳል ተባለ፣ እውነትም ሄደ። በ2009 ኤአርሲ መጣ፤ የቴሌቪዥኑ ድምፅ በዚያው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ ይመለሳል ተባለ። በ2017 ደግሞ የተሻሻለው ኢኤአርሲ። አንዱ ርሞት ሁሉንም እንዲያዝ የሚያደርገው ሲኢሲ የሚባል አሠራርም አለ፤ ነገር ግን ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ» ይለዋል፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ» ይለዋል፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» ይለዋል። አንዱ ነገር በየቤቱ ሌላ ስም ስላለው መኖሩን እንኳ ሳያውቅ ዓመታት የሚያልፍበት ሰው ብዙ ነው። ያገኘው ሰውም ቢሆን ቴሌቪዥን ሲከፍት ሪሲቨሩ ይከፈትለታል፣ አንዳንዴ አይከፈትለትም፣ አንዳንዴ ዲሹን ሲያጠፋ ሁሉም አብሮ ይጠፋበታል። ለምን እንደሆነ የሚመልስለት የለም፤ ቴሌቪዥን ሠሪው ወደ ሪሲቨሩ፣ ሪሲቨር ሠሪው ወደ ቴሌቪዥኑ ይጠቁማል።

ቁጥሩም ራሱ አያስተማምንም። ካርቶን ላይ «2.1» ተጽፎ ካየን አዲሱ ሁሉ ያለበት ይመስለናል። የኤችዲኤምአይን ፈቃድ የሚሰጠው አካል 2.0 የሚባለውን መለያ አስቀርቶ ሁሉንም 2.1 ውስጥ ጠቅልሎታል፤ አዳዲሶቹ ችሎታዎች ግን በአምራቹ ፈቃድ የሚካተቱ ናቸው፤ አንዱንም ያላካተተ ዕቃ «2.1» ሊባል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የዴኖን፣ የማራንትዝና የያማሃ አዳዲስ ሪሲቨሮች ከኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ጋር ተገናኝተው 4ኬ ምስል በሴኮንድ 120 ጊዜ ሲላክላቸው ስክሪኑ ጨለማ ሆነ። ችግሩ ውስጣቸው ያለው ቺፕ ነበር። ዴኖንና ማራንትዝ በነጻ የሚሰጥ ማገናኛ ሣጥን አዘጋጁ፤ ያማሃ ቦርዱን እቀይራለሁ አለ። ኃላፊነት መውሰዳቸውን አደንቃለሁ። ግን ቦርድ ይቀየራል የሚባለው ዕቃው በወጉ በተሸጠበት አገር ነው። በሻንጣ የገባ ሪሲቨር የያዘ የአዲስ አበባ ሰው ወደ የትኛው ቢሮ ይሂድ?

በምርጫ ስም የሚቀርብልንም ነገር እየጠበበ ነው። ሱቅ ገብተን ዴኖን ይሻላል ማራንትዝ እያልን እንከራከራለን፤ ሁለቱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ አንድ ቤት ናቸው። በ2017 ሳውንድ ዩናይትድ ገዛቸው፣ በ2022 የሕክምና መሣሪያ የሚሠራው ማሲሞ ወሰዳቸው፣ በ2025 ደግሞ የሳምሰንጉ ሃርማን እጅ ገቡ። የፓዮኒርን የሆም ቴአትር ሥራ ኦንክዮ እ.ኤ.አ. በ2015 ወሰደ፤ ኦንክዮ ራሱ በ2022 ከሰረ፣ ስሙ በሌላ እጅ ይኖራል። ባለቤት በተቀያየረ ቁጥር አሮጌው ሞዴል ይቋረጣል፣ አዲሱ ከቀድሞው በአንድ አሃዝ ብቻ ተለይቶ ይወጣል። ገዢው በዚያች አሃዝ ምን እንደተለወጠ ለማወቅ ሁለት መመሪያ መጽሐፍ ጎን ለጎን ማንበብ ይጠበቅበታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የእኛ የብቻችን ጣጣ መብራቱ ነው። የአገር ቤት ሰው ሪሲቨር ሲያምረው መጀመሪያ የሚያስበው አሜሪካ ያለውን ዘመድ ነው፤ እዚያ በኅዳር ቅናሽ አለ፣ ሞዴሉም ብዙ ነው። ዘመድ ደግሞ ደግ ነው፤ 23 ኪሎ ከሚፈቀድለት ሻንጣ ላይ አሥር ኪሎ ገደማውን ለአንድ ሣጥን ሰጥቶ፣ የራሱን ልብስ ትቶ ይዞ ይመጣል። የአሜሪካው ሪሲቨር የተሠራው ለ120 ቮልት፣ ለ60 ኸርዝ ነው። የእኛ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ቦሌ የተቀበለው ሰው በደስታ ሶኬቱን በአስማሚ ይሰካዋል፤ ዕድለኛ ከሆነ ፊውዙ ይቃጠላል፣ ካልሆነ ውስጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ምክንያት አለው፤ የስልኩ ቻርጀር ከአሜሪካ መጥቶ ያለችግር ሠርቷል፣ ላፕቶፑም ሠርቷል። እነዚህ ከ100 እስከ 240 ቮልት ተቀብለው ራሳቸው የሚያስተካክሉ ናቸው። ሪሲቨር ግን ሆዱ ውስጥ ያለው ለአንድ ቮልቴጅ የተጠቀለለ ከባድ ትራንስፎርመር ነው፤ ሁለቱንም እንዲቀበል ተደርጎ የሚሠራው በጣም ጥቂት ነው። ይህንን በካርቶኑ ላይ በቀይ ፊደል የሚያስጠነቅቅ የለም። ከኋላ፣ ከመሰኪያው አጠገብ፣ በጥቁር ብረት ላይ በደቃቃው ተጽፏል፤ ከሻንጣ ወጥቶ ካልተገለበጠ አይታይም።

ከዚያ ዝቅ ማድረጊያ ትራንስፎርመር መግዛት ይመጣል። እሱም ከባድ ነው፣ ይሞቃል፣ ጎኑ ሲቀመጡ ይጮሃል፣ ላዩ ላይ የተጻፈውን ዋት መሸከሙም ያጠራጥራል። ቮልቱን ቢያወርድ ኸርዙን አይለውጥም፤ ለ60 የተሠራው የሪሲቨሩ ትራንስፎርመር በ50 ሲሠራ ከታሰበለት በላይ ይሞቃል። ከዱባይ፣ ከአውሮፓ ወይም ከእስራኤል የሚመጣው ለ230 ቮልት የተሠራ ስለሆነ ይህ ሁሉ የለበትም። ዘመድ ወዳጅ እዚያ ያለው ሰው ከዚያ ያስመጣ፤ ቅናሹ ቢያንስም ይሻላል እላለሁ። ከየትም ይምጣ ግን ከመብራታችን አያመልጥም። ይሄዳል፣ ሲመለስ ብልጭ ብልጭ ብሎ ከፍ ብሎ ይመጣል፤ ስታብላይዘር ያስፈልጋል፣ ጥሩው ስታብላይዘር ራሱን የቻለ ዋጋ ነው። ያን ሁሉ ዕቃ በአንድ ተራ ዲቫይደር ላይ የሚሰካው ቤት ቁጥሩ ብዙ ነው፤ ሻጩም «ምንም አይል» ብሎ ያሰናብተዋል።

ከሪሲቨሩ ጋር ስለሚመጣው የድምፅ ማስተካከያ ማይክራፎን ብዙ አልልም። ኦዲሲ፣ ያማሃ የሚጠቀምበት ዋይፓኦ፣ ዲራክ፤ ሁሉም ከስፒከሩ ድምፅ እያወጡ ክፍሉን ይለካሉ፣ ይጠቅማሉም። ሲለኩ ጸጥታ ይፈልጋሉ፤ የከተማችን ግቢ ውስጥ ያን ያህል ጸጥ የሚልበት ሰዓት ሌሊት ነው፣ ሌሊት ደግሞ ያ የሙከራ ጩኸት ጎረቤት ያስነሳል። እሱስ ይሁን። የሚከነክነኝ የተሻለው ማስተካከያ ለብቻ የሚሸጥ መሆኑ ነው። በአንዳንዶቹ ሪሲቨሮች ላይ የዲራክ ፈቃድ በተጨማሪ ክፍያ ይገዛል፤ የኦዲሲን ማስተካከያ በዝርዝር ለመንካትም በክፍያ የሚወርድ አፕ ያስፈልጋል። ክፍያው በዶላር፣ በውጭ ካርድ ነው። ሣጥኑን በእጃችን ይዘን፣ ሙሉ ዋጋውን ከፍለን፣ ውስጡ ያለውን ለመክፈት እንደገና ውጭ ያለ ዘመድ ማስቸገር አለብን።

ዕቃው ይህን ሁሉ አልፎ ሳሎን ከገባ በኋላ የሚገድለው ሙቀት ነው። ሪሲቨር ከላዩ የሚተነፍስ ዕቃ ነው፤ ክዳኑ ላይ የተቆራረጠው ቀዳዳ ለጌጥ አይደለም፣ ከላዩ በኩል ሰፊ ክፍተት ሊኖረው ይገባል። የእኛ የቴሌቪዥን ቁም ሣጥን መደርደሪያ ደግሞ ለዲቪዲ ማጫወቻ የተሠራ ነው፤ ሪሲቨሩ ተጨናንቆ ይገባል። ላዩ ላይ ዳንቴል ይነጠፍበታል፤ በዳንቴሉ ላይ ዲሹ ይቀመጣል። እባካችሁ ዳንቴሉን አንሱት። ቤት ማሳመር ደግ ነው፣ ግን የዓመት ቁጠባ በዚያ ጨርቅ ሥር ታፍኖ ይቃጠላል።

ሲበላሽ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚሄደው የኤችዲኤምአይ ቦርዱ ነው። ድምፅ አምጪው ክፍል ደህና ነው፣ ትራንስፎርመሩ ደህና ነው፤ ግን መግቢያው ከሞተ ሁሉም ሞተ። የድሮዎቹን አምፕሊፋየሮች ጠጋኞቻችን በብየዳ ያድኗቸው ነበር፤ ትራንዚስተር ተቃጠለ፣ ተመሳሳዩ ከመርካቶ ይገኛል፣ ይነቀላል፣ ይተካል፣ ሌላ አሥር ዓመት ይሠራል። ዛሬም ሳሎን ውስጥ የሚያጫውት የአባት አምፕሊፋየር ያለው ቤት አለ። የአሁኑ ቺፕ እግሮቹ ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው፣ ስዕሉ አይሰጥም፣ ቦርዱ ለብቻው አይሸጥም፣ ከተገኘም የዕቃውን ግማሽ ዋጋ ይጠይቃል። ጠጋኙ ችሎታ አንሶት አይደለም፤ የሚሠራበትን ነገር ስለነፈጉት ነው። «ወንድሜ፣ ሌላ ግዛ» ብሎ ሲመልስ እሱም እያዘነ ነው።

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2024 የጥገና መብት መመሪያ አውጥቷል። ልብስ ማጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የኤሌክትሮኒክስ ስክሪን፣ ስልክና ታብሌት ሠሪዎች ዕቃውን የመጠገን ግዴታ እንዲኖርባቸው፣ መለዋወጫም በተገቢ ዋጋ እንዲያቀርቡ ያዛል። ሪሲቨር ዝርዝሩ ውስጥ የለም። እዚያ ቢገባ አምራቹ ቦርዱን ለአውሮፓ ማዘጋጀቱ አይቀርም ነበር፤ ለአውሮፓው የ230 ቮልት ሞዴል የተዘጋጀው ቦርድ ደግሞ ያለ ምንም ለውጥ ለእኛም ይሆናል፣ በፖስታም ይመጣል። እስከዚያ የምጠይቀው ከአምራቾቹ ነው። በየዓመቱ አንድ አሃዝ ቀይራችሁ አዲስ ሞዴል ከምታወጡ፣ የሸጣችሁትን ቦርድ አሥር ዓመት አስቀምጡልን፣ የውስጥ ስዕሉንም ለጠጋኝ ስጡ። ሰባተኛውን ቻናል ውሰዱት።